ወደ ላንግታንግ ሸለቆ ለምትሄዱ፦ መንደሩን አልፋችሁ አትሩጡ

መንገደኛው (ዱባይ)

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ መድረክ ስለ ኔፓል ሲነሳ ወሬው ሁልጊዜ ኤቨረስት ነው። እኔ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ስለ ላንግታንግ ነው። ከካትማንዱ በስተሰሜን፣ በራሱዋ ወረዳ፣ ለቲቤት ድንበር ቀረብ ብሎ የሚገኝ ሸለቆ ነው። በሥራ ቦታዬ ከኔፓላውያን ጋር ለዓመታት አብሬ ኖሬአለሁ። ከእነርሱ አንዱ የዚያ አካባቢ ተወላጅ ስለሆነ፣ ለእረፍት ወደ ቤተሰቦቹ ሲሄድ ተከትዬው ሄድኩ።

ከካትማንዱ እስከ ስያብሩቤሲ በጂፕ ወይም በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ይፈጃል። መንገዱ በገደል አፋፍ የሚሄድ፣ ናዳ የማያጣው ነው። ከስያብሩቤሲ በኋላ መኪና የለም። ሩዙም፣ ሲሚንቶውም፣ የጋዝ ሲሊንደሩም በሰው ጀርባ ወይም በበቅሎ ይወጣል። የመጀመሪያው ቀን ጉዞ ወንዙን ተከትሎ በጫካ ውስጥ ነው፤ ቀርከሃው፣ ኦክ የተባለው ዛፍና ሮዶደንድሮኑ ሰማዩን ይሸፍናሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ ብትሄዱ ሮዶደንድሮኑ ቀይ ሆኖ ያብባል፤ የኔፓል ብሔራዊ አበባ ነው። ከወንዙ ማዶ ካለው ገደል ላይ የዱር ንቦች የማር እንጀራ ተንጠልጥሎ ይታያል። ንቦቹ በዓለም ካሉት የማር ንቦች ሁሉ በአካል ትልቆቹ ናቸው። ፊታቸው ጥቁር፣ ጠጉራቸው ነጣ ያለ ላንጉር የተባሉ ጦጣዎችም ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። ቀዩ ፓንዳም በዚህ የቀርከሃ ጫካ ውስጥ ይኖራል፤ ለማየት ግን ብዙ ዕድል ይጠይቃል።

3,000 ሜትር ላይ ስትደርሱ ጫካው ያበቃና ሸለቆው ወለል ብሎ ይከፈታል። ትንሽ እንደሄዳችሁ መንገዱ ግራጫ ድንጋይ በተከመረበት ሰፊ ሜዳ ላይ ያወጣችኋል። አብሮኝ የነበረው ወዳጄ እዚያ ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀ። አሮጌው የላንግታንግ መንደር ያለው ከዚያ ድንጋይ ሥር ነው።

ሚያዝያ 17 ቀን 2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 2015) ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ፣ መጠኑ 7.8 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ኔፓልን መታ። ከመንደሩ በላይ የቆመው ላንግታንግ ሊሩንግ ከ7,200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ከእርሱ ላይ የተናደው በረዶና ድንጋይ መንደሩን በአንድ ጊዜ ቀበረው። ናዳው የገፋው ነፋስ ብቻውን ከወንዙ ማዶ ያለውን ጫካ አንጋሎ ጣለ። ከ300 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የአገሬው ሰዎች፣ የውጭ ተጓዦች፣ አስጎብኚዎች፣ ወታደሮች። ከገደል ሥር ተጠግቶ ከተሠራ አንድ ቤት በቀር የቆመ አልቀረም። የተረፉት በሄሊኮፕተር ወደ ካትማንዱ ተወስደው በአንድ ገዳም ግቢ በድንኳን ወራት አሳለፉ። ከዚያ በኋላ ተመልሰው መጡ! ከናዳው ትንሽ ከፍ ብለው አዲስ መንደር ሠሩ። የሟቾቹ ስም የተቀረጸበት መታሰቢያም መንገዱ ላይ ቆሟል።

ታዲያ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ አብዛኛው ተጓዥ በዚህ መንደር ሻይ ጠጥቶ ያልፋል። ከዚህ በላይ ያለችው ኪያንጂን ጎምፓ የተባለች መንደር ደርሶ ያድራል፤ በማግስቱ 4,773 ሜትር ያለውን ኪያንጂን ሪ የተባለ ጫፍ ወጥቶ ፎቶግራፍ ይነሳና ይወርዳል። ኪያንጂን እኮ ራሱ ሊታይ የሚገባ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በስዊዘርላንድ ባለሙያዎች እገዛ የተጀመረው የአይብ ፋብሪካ እስከ ዛሬ ይሠራል። ወተቱ የሚገኘው ያክ የተባለው ጠጉራም የተራራ በሬ ከላም ጋር ተዳቅሎ ከሚወለደው ቻውሪ ከሚባለው ከብት ነው። በጨለማው መጋዘን ውስጥ ክብ ክብ አይብ በሳንቃ መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ፣ አንድ ሽማግሌ በጨው ውሃ በነከረው ጨርቅ እያንዳንዱን ይጠርጋል፣ ይገለብጣል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ጣቶቹ ከጨዉ የተነሳ ተሰነጣጥቀዋል። ውጭ ደግሞ ሴቶች የያክ ኩበት ጠፍጥፈው በድንጋይ አጥር ላይ ይለጥፋሉ። ከዚያ ከፍታ በላይ የሚቆረጥ ዛፍ ስለሌለ በብርዱ ወራት የሚያሞቃቸው ኩበቱ ነው።

ላንግታንግ ላይ ቢያንስ ሁለት ሌሊት፣ ኪያንጂን ላይም ሦስት አድራችሁ ሸለቆውን እዩት የምለው ለዚህ ነው። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ።

ሰላማዊት

ወንድሜ መንገደኛው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳነብ ያ ሳምንት ትዝ አለኝ። በሊቢያ የተሠዉት ወንድሞቻችን ሐዘን ላይ ስለነበርን የኔፓልን ዜና በቅጡ የተከታተልነው አይመስለኝም። አሁን ስለ ሰዎቹ ሳነብ ልቤ ተነካ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ካትማንዱ አየር ማረፊያ ላይ ቪዛ ያገኛል? ሁለተኛ፣ እኔ ጾም አልሽርም፤ እዚያ ላይ ምን ይበላል?

መንገደኛው (ዱባይ)

እህቴ ሰላማዊት፣ የመጀመሪያውን በጥንቃቄ አንብቢ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኔፓል ለአብዛኞቹ ሀገሮች ዜጎች አየር ማረፊያ ላይ ቪዛ ትሰጣለች፤ ለ15 ቀን 30 ዶላር፣ ለ30 ቀን 50 ዶላር ነው። ኢትዮጵያ ግን ይህ ከማይፈቀድላቸው ጥቂት ሀገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ስለዚህ ከመነሳትሽ በፊት ከኔፓል ኤምባሲ ቪዛ ማግኘት አለብሽ። እኔም ከዚሁ ከኤምሬትስ ነው ያወጣሁት። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት ያላችሁ ይህ አይመለከታችሁም።

ስለ ጾም አትጨነቂ። የየዕለቱ ምግብ ዳል ባት ነው፤ ሩዝ፣ የምስር ወጥ፣ የድንች አልጫ፣ ቅጠላ ቅጠል። ሳህንሽ ሲጎድል እየጨመሩ ይሰጡሻል። ምስሩን አንዳንዴ በቅቤ ስለሚያቁላሉት ‹‹በዘይት ይሁንልኝ›› በያቸው። ሻይም ብዙ ጊዜ በወተት ወይም በቅቤና በጨው ስለሚቀርብ ጥቁር ሻይ እዘዢ። በሶ ደግሞ አለልሽ! እነርሱ ጻምፓ ይሉታል። ገብሱን ቆልተው፣ ፈጭተው፣ በሻይ ለውሰው በእጃቸው ጨብጠው ይበሉታል። እኛ ቤት ከሚበጠበጠውና ከሚጨበጠው በሶ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም።

በሸለቆው ውስጥ በሃይማኖታቸው ምክንያት ከብት አይታረድም። ሥጋ የሚበላው ሰው ከታች ተጭኖ የመጣ ሥጋ ነው የሚበላው፤ ያለ ማቀዝቀዣ ቀናት የተጓዘ። የማትጾሙትም ብትሆኑ ባትሞክሩት እመክራለሁ።

ዶክተር ዘሐዋሳ

ጥሩ ጽሑፍ ነው። በሙያዬ በኩል አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ‹‹እኛ የደጋ ሰዎች ነን፣ ከፍታ አይነካንም›› የሚል አስተያየት በዚህ መድረክ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ነገሩ መሠረት አለው። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ተራሮች፣ በአምባራስ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱን አሳትመዋል። የሰዎቹ የሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) መጠንም ሆነ ደማቸው የተሸከመው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ብዙም አልተለየም። በቲቤት ከፍታ የሚኖሩት ደግሞ በሌላ መንገድ ነው የተላመዱት፦ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ዝቅተኛ ነው፤ ነገር ግን ሄሞግሎቢናቸው ከመጠን አይጨምርም፤ ደማቸውም አይወፍርም። ከዚህ ጋር የተያያዘው ኢፓስ1 የተባለ ዘረመል ዴኒሶቫን ከተባሉ ከጠፉ ጥንታውያን ሰዎች የተወረሰ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2014 ታውቋል። የላንግታንግም ሰዎች የዘርና የቋንቋ መሠረታቸው ከቲቤት ነው። አምባራስና ላንግታንግ በከፍታ እኩያ ናቸው፤ ሁለት ሕዝቦች አንዱን ችግር በሁለት የተለያዩ መንገዶች ፈተውታል። ይህ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ግን ተጠንቀቁ! ይህ ተወልደው ለአደጉበት እንጂ ሐበሻ ለሆነ ሁሉ የተሰጠ አይደለም። ዱባይ ወይም ጅዳ ለዓመታት የተቀመጠ ሰው ሰውነቱ የለመደውን ከፍታ በሳምንታት ውስጥ ይረሳዋል። የአዲስ አበባ ሰው 2,300 ሜትር ገደማ ስለለመደ ጥቂት ይሻላል። ኪያንጂን 3,870 ሜትር ነው፤ እዚያ ያለው የኦክስጅን ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሁለት ሦስተኛውን እንኳ አይሞላም።

ደንቡ ቀላል ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ በየሌሊቱ የምታድሩበት ከፍታ ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር፤ በየሦስትና አራት ቀኑም አንድ ቀን ዕረፉ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ወደ ላይ አትቀጥሉ። ስትራመዱ መንገዳገድ፣ የአእምሮ መደናገር ወይም ቁጭ ባላችሁበት ትንፋሽ ማጠር ከመጣ፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ውረዱ። ከመውረድ የሚበልጥ መድኃኒት የለም። አሴታዞላሚድ የሚባለው ክኒን ለመከላከል ይረዳል፤ ግን ሰልፋ መድኃኒት የማይስማማው ሰው ስላለ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አትጀምሩ። ስለዚህ መንገደኛው ‹‹ሌሊት ጨምሩ›› ማለቱ ለመንደሩ ብቻ ሳይሆን ለራሳችሁም ነው።

የደባርቅ ልጅ

ዶክተር፣ አምባራስን ስላነሱልን ደስ ብሎኛል። የእናቴ ወገኖች ከዚያ አካባቢ ናቸው።

እኔን የቆረቆረኝ ግን ሌላ ነው። ላንግታንግ ብሔራዊ ፓርክ ነው አይደል? ታዲያ ሰዎቹ እንዴት እዚያው ውስጥ ይኖራሉ? እኛ ዘንድ የግጭ መንደር ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ እንድትወጣ ተደርጋለች። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራ ደባርቅ ዳር እንዲሰፍር ሆነ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ፓርኩ ‹‹አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች›› መዝገብ ወጣ። ፓርኩ ተጠቀመ፤ ይህን አልክድም። ሣሩ አገግሟል። ነገር ግን ገብስ ሲዘራና በግ ሲያረባ የኖረ ሽማግሌ ከተማ ዳር ቁጭ ብሎ ሳየው ዝም ማለት አልችልም። ኔፓሎቹ ሌላ መንገድ ካገኙ ማወቅ እፈልጋለሁ።

መንገደኛው (ዱባይ)

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ከባድ ነው፤ የማውቀውን ልንገርህ። የላንግታንግ ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ 1,710 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። መንደሮቹ ውስጡ አሉ፤ ከብቶቹም በሞቃቱ ወራት ወደ ላይኛው ግጦሽ ይወጣሉ፣ በብርዱ ወራት ይወርዳሉ። በኔፓል ሕግ ፓርኩ ከሚያስገባው ገቢ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው በዙሪያው ለሚኖረው ማኅበረሰብ ልማት ይመለሳል። ከዚያ ደግሞ የእንግዳ ማረፊያው የራሳቸው የመንደርተኞቹ ንብረት ነው።

ሁሉም ነገር የተሟላ ነው አልልህም። ነብርና ተኩላ ከብታቸውን ይበላባቸዋል፤ እንጨት መቁረጥ በፈቃድ ነው፤ ከፓርኩ ጥበቃ ጋር ሲጨቃጨቁም ሰምቻለሁ። ሆኖም ታር የሚባለው የዱር ፍየል ከመንደሩ በላይ ባለው ቁልቁለት መንጋ ሆኖ ሲግጥ፣ ከታች ደግሞ ሴቶቹ ድንች ሲኮተኩቱ በአንድ እይታ አይቻለሁ። የሚቻል ነገር ነው።

የደባርቅ ልጅ

ልዩነቱ ገባኝ። እኛ ዘንድ የማረፊያው ገቢ በመንደርተኛው እጅ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው የዋልያው ጠባቂ ይሆኑ ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን ለወረዳችን ሰዎች ደግሜ እነግራቸዋለሁ።

ተራራ ወዳድ (ዴንቨር)

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በዚህ ሁሉ አልስማማም። ኔፓል ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ላንግታንግንም አውቀዋለሁ። ኪያንጂን ላይ ዛሬ የምታዩት ድንጋይ ቤት አይደለም፤ ፎቅ በፎቅ ላይ የተቆለለ፣ ሰማያዊና ሮዝ የተቀባ ሆቴል ነው። ሌላም አለ። ከኪያንጂን በላይ ያለው ያላ የተባለው ግግር በረዶ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ሁለት ሦስተኛው ቀልጧል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ተመራማሪዎች፣ የአገሬው ሰዎችና የቡድሃ መነኮሳት እዚያው ወጥተው የስንብት ሥርዓት አደረጉለት። ልክ እንደ ሞተ ሰው! እኛ በአውሮፕላን ዓለምን አቋርጠን በረዶውን ልናይ ስንሄድ ለመቅለጡ ድርሻ የለንም? እውነት ከወደድናቸው ገንዘቡን ልከን እኛ ብንቀርስ?

ወለተ ማርያም (ሮም)

ተራራ ወዳድ፣ ጭንቀትህ ይገባኛል፤ መልስህ ግን አይዋጥልኝም። ገንዘብ ልኮ መቅረት ማለት ሰውን ተመጽዋች ማድረግ ነው። እነዚህ ሰዎች መንደራቸው ተቀብሮ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አንስተው የሠሩት እንግዳ ለመቀበል ነው። እንግዳው ሲቀር ልጆቹ የት ይሄዳሉ? መንገደኛው ወዳጁን ያገኘው ዱባይ ነው እኮ! ኳታር፣ ሳውዲ፣ ኤምሬትስ ከእኛ ልጆች ጎን ቆመው ብሎኬት የሚሸከሙት እነርሱ ናቸው። እኔም ስደትን አውቀዋለሁ። አንድ እናት ልጇን ቤቷ ሆኖ እንዲሠራ የሚያደርግላትን እንግዳ ‹‹አትምጣ›› የምንላት እኛ ማን ነን?

ቤቱ ሮዝ ተቀባ ብለህ አትዘን። የእነርሱ ቤት ነው፤ በወደዱት ይቀቡት።

ተራራ ወዳድ (ዴንቨር)

እህቴ ወለተ ማርያም፣ ስለ ቀለሙ ያልሽውን ተቀብያለሁ። ስለ ስደቱም ልክ ነሽ። በአውሮፕላኑ ጉዳይ ግን ከአቋሜ አልወርድም። ቢያንስ የሚሄድ ሰው ብዙ ቆይቶ ይምጣ፤ በሄሊኮፕተር ወጥቶ ለአንድ ሰዓት ፎቶግራፍ ተነስቶ የሚመለሰው ነገር ይቅር። ለመንደሩ የሚጠቅመው የለም፤ ድምፁ ደግሞ ያንን ሁሉ የዱር እንስሳ ያሸብራል።

መንገደኛው (ዱባይ)

በዚህስ ተስማምተናል። እንዲያውም እዚያ ያለው አሠራር የሚጠቅመው የሚቆየውን ሰው ነው። የመኝታው ዋጋ በጣም ዝቅተኛ ነው፤ ባለቤቶቹ የሚያተርፉት ከምግቡ ነው። ስለዚህ ባደራችሁበት ቤት እራታችሁንም ቁርሳችሁንም ብሉ። አንዱ ጋ ተኝቶ ሌላው ጋ መብላት በጣም የሚያስቀይም ነገር ነው። በኪያንጂን ዳር ከሚበቅል እሾሃማ ቁጥቋጦ የሚለቀም ብርቱካናማ ፍሬ አለ፤ ጭማቂውን ሞቅ አድርገው ይሰጣሉ። የሚለቅሙት ሴቶች ናቸው፤ ገቢውም የእነርሱ ነው። ግዙላቸው።

ኃይለ ጊዮርጊስ

ልጄ መንገደኛው፣ እኔ በዕድሜ የገፋሁ ሰው ነኝ፤ ተራራ የምወጣበት ጉልበት የለኝም። ደስ ብሎኝ አነበብኩ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሃይማኖታቸው ከእኛ የተለየ ሕዝብ ዘንድ እንግዳ ሲኮን ምን ይከበራል? ወጣቶቹ ሳያውቁ አጓጉል ነገር እንዳያደርጉ ብትነግራቸው።

መንገደኛው (ዱባይ)

አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ጥያቄዎ ትልቅ ነው። በየመንገዱ ጸሎት የተቀረጸበት ድንጋይ ተደርድሮ ረጅም አጥር ሆኖ ያገኙታል። በላንግታንግ ያለው በኔፓል ካሉት ሁሉ ከረጃጅሞቹ አንዱ ነው። ሰው የሚያልፈው አጥሩን ወደ ቀኝ እጁ አድርጎ ነው። በእርሱ ላይ አይቀመጡም፣ ቦርሳ አያስደግፉም፣ ድንጋዩንም አያነሱም። ጠዋት ጠዋት የጽድ ቅርንጫፍ በየደጃፉ ያጥናሉ፤ ጢሱ ሲወጣ መካከል ገብቶ ፎቶግራፍ ማንሳት ነውር ነው። እግርን ወደ ምድጃው ወይም ወደ ሰው ዘርግቶ መቀመጥም እንዲሁ።

ከሁሉ በላይ የሟቾቹ መታሰቢያ ነው። እዚያ ስም እያነበበ የቆመ ሰው ወንድሙን ወይም ልጁን እያነበበ ሊሆን ይችላል። ካሜራችሁን ወደ ቦርሳ አግቡ። ስለዚያ ቀንም እናንተ አትጠይቁ፤ ሊነግሯችሁ ሲፈልጉ ራሳቸው ይነግሯችኋል። እኔን ያስተናገዱኝ እናት የነገሩኝ ማታ፣ እሳቱ ዳር፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ነው። የነገሩኝን እዚህ አልጽፈውም።

ኃይለ ጊዮርጊስ

ተባረክ ልጄ። ነፍሳቸውን ይማር።

ሰላማዊት

ወስኛለሁ፤ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በጥቅምት እንሄዳለን። ያለ አስጎብኚ መሄድ ይቻላል? ገንዘብስ እዚያ ላይ ይመነዘራል?

መንገደኛው (ዱባይ)

ጥቅምትና ኅዳር መልካም ምርጫ ነው፤ ዝናባቸው እንደ እኛው ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሆነ ከዚያ በኋላ ሰማዩ ይጠራል። ሌሊቱ ግን ኪያንጂን ላይ ውሃ ያረጋል። ማረፊያዎቹ ብርድ ልብስ ይሰጣሉ፤ የራሳችሁን የመኝታ ከረጢት ብትጨምሩ ይሻላል።

እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ የውጭ ሀገር ተጓዥ ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር እንዲሄድ ደንብ ወጥቷል። የራሱዋ ወረዳ ልጅ የሆነ አስጎብኚ ፈልጉ፤ ቋንቋቸውን ያውቃል፤ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል። የፓርኩ መግቢያ 3,000 የኔፓል ሩፒ ነው። የፓስፖርታችሁን ቅጂና ጉርድ ፎቶግራፍ ያዙ። ከካትማንዱ ስትወጡ ለጉዞው ሁሉ የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ ይኑራችሁ፤ ዝርዝሩ ቢበዛ ይመረጣል፤ ለትልቅ ኖት መልስ ማግኘት ያስቸግራል። የውሃ ማጣሪያ ወይም እንክብል ይዛችሁ ከሄዳችሁ የፕላስቲክ ጠርሙስ አትገዙም፤ ቆሻሻ የሚያነሳላቸው መኪና የለምና።

አውቶቡሱና ጂፑ የሚነሱት ካትማንዱ ማቻፖካሪ ከሚባለው ሠፈር ማለዳ ነው። ትኬቱን በዋዜማው ቁረጡ። ስትደርሱ ጻፉልን፤ የደባርቁ ወንድማችንም ስለ ፓርኩ ገቢ አከፋፈል ከመንደሩ ሰዎች የምትሰሙትን እየጠበቀ ነው።